ታዛዦቹ ሴሎች

ይህን ታሪክ የሚያነብ ሰው ቢቻል ተነስቶ፣ ኮቱን ቆልፎ ቢያነበው መልካም ነው። የሚተርከው ስለ ታላቁ ፕሮፌሰር ኩዋባራ ነውና። እኚህ ሰው በጃፓን፣ በአንዲት የወደብ ከተማ ዩኒቨርሲቲ፣ ሴልን የሚያህል ግትር ፍጡር ሥነ ሥርዓት ያስያዙ ናቸው። እርግጥ ሴል ሥነ ሥርዓት የያዘው እሳቸው ሳይወለዱ ነው። ይህን የሚነግራቸው ሰው ግን አልተገኘም፤ ተገኝቶም ከሆነ ማመልከቻው ገና ለማኅተም እየዞረ ይሆናል።

ሴሎቹ የሚኖሩት በላቦራቶሪው ሁለተኛ ፎቅ፣ ከማይክሮስኮፕ ስር፣ በአንዲት ትንሽ ሳህን ውስጥ ነው። አኗኗራቸውን ያየ ሰው በገዛ መሥሪያ ቤቱ ያፍራል። ሴል ካልሲየምን በቀላሉ ከደጁ አያሳልፍም፤ ውስጥ ያለው ውጪ ካለው በአሥር ሺህ እጅ ያንሳል፤ ሾልኮ የገባውንም እየለቀመ ያባርራል። መልእክት ሲኖር ብቻ በሩን ከፈት ያደርጋል። ካልሲየሙ ይገባል፣ ጡንቻውን ተኮማተር፣ እጢውን አመንጭ ይለዋል፣ ወዲያው ተገፍቶ ይወጣል። ብዙ ከቆየ ሴሉ ይሞታል። በላቦራቶሪው ግን አንድ መልእክት፣ በዚያ አገር ሠራተኛ ሁሉ በፊርማ ፈንታ ከሚመታው የስም ማኅተም ሰባት እስኪሰበስብ አርባ ቀን ይቆያል፤ ደግነቱ በዚህ የሞተ የለም፣ ጡረታ የወጣ እንጂ።

ሴሎቹን የምትቀልባቸው ካናዬ ሺኖዳ ነበረች። ምግባቸውን የምትቀይር፣ ካልሲየም ሲገባ አረንጓዴ የሚበራውን ቀለም የምታጠጣቸው እሷ ናት። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከአሮጊት እናቷ ጋር የምትኖረው ዩኒቨርሲቲው በሰጣት ቤት ነው። ኮንትራቷ መጋቢት መጨረሻ ያልቃል። ኮንትራቱ ካልታደሰ ቤቱም የለም። እንዲህ ያለች ሴት አንገቷን ደፍታ ሥራዋን ብትሠራ ይሻላት ነበር፤ ግን ምን ታድርግ፣ ዓይን አላት።

በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን በቴፕ የተቀዳው የሬዲዮ ስፖርት ፒያኖ ይሰማል። አሥራ አራቱ የላቦራቶሪ ሰዎች፣ ከፕሮፌሰሩ ጀምሮ፣ ከማይክሮስኮፑ ጎን ተሰልፈው ስፖርት ይሠራሉ። እጅ ወደ ላይ፣ ወገብ ወደ ጎን፣ ከዚያ ዝላይ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሲያደርጉት የኖሩት ነገር ስለሆነ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ታዲያ ልክ ዝላዩ ላይ ሲደርሱ ሴሎቹ አንዱ ለአንዱ እያቀበለ አረንጓዴ ይበራሉ። ፕሮፌሰሩ ይህን መጀመሪያ ያዩ ዕለት አለቀሱ። ሴል ሙዚቃውን ሰምቶ ከባልደረቦቹ ጋር ይሰለፋል፣ ብቻውን ኢምንት ነው፣ ሲሰለፍ ግን ሕዝብ ነው አሉ። ይህንኑ በሦስት ጥናት ጻፉት። አሁን ከትምህርት ሚኒስቴር ኮሚቴ መጥቶ ሊያይ ነው፤ ከወደደው ላቦራቶሪው ተቋም ይሆናል፣ የካናዬም ኮንትራት ይታደሳል። ካልወደደው ሁሉም ጓዙን ይጠቀልላል።

ካናዬን ያስቸገራት ጠረጴዛው ነው። ማይክሮስኮፑ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ንዝረት እንዳይነካው በታመቀ አየር ላይ እንዲንሳፈፍ የተሠራ ነበር። አየሩን የሚነፋው ሞተር ግን የፕሮፌሰሩን የጠዋት ንግግር ስለረበሸ ከሦስት ዓመት በፊት በትእዛዝ ጠፍቷል። አንድ ጠዋት ቀስ ብላ አበራችው። አሥራ አራት ሰው ዘለለ፤ ሴሎቹ ጭጭ አሉ። ሞተሩን አጥፍታ ጠረጴዛውን በጣቷ ኳ አደረገችው። ሴሎቹ አረንጓዴ በሩ። ሴል ሲነቀነቅ የካልሲየም በሩን ይከፍታል፣ አለቀ። ሙዚቃም መንፈስም የለበትም። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ በማግስቱ አሥራ ሁለት ገጽ ሪፖርት ጽፋ ለጽሕፈት ቤት ኃላፊው ለአቶ ኒሺጋኪ አስገባች። እሳቸውም እንደ ኃላፊነታቸው በሦስተኛው ቀን አስጠሯት።

«ወይዘሪት ሺኖዳ፣ ማኅተምሽ ቀጥ ብሎ ቆሟል እኮ።»

«ሪፖርቱን አነበቡት?»

«እኔ የምልሽ ስለ ማኅተሙ ነው። የበታች ማኅተም ወደ አለቃው ዘንበል ይላል፤ እጅ ነሳ ማለት ነው። ያንቺ አፍጦ ቆሟል። ሂጂ፣ አስተካክለሽ አምጪው።»

አስተካክላ አመጣችው። ሪፖርቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረ፤ አምስት አለቆች ከሷ ማኅተም ቀጥሎ በየተራ ማኅተማቸውን አዘንብለው አሳረፉበት። ኮሚቴው በሚመጣበት ሳምንት ሰባተኛውንና የመጨረሻውን ማኅተም ለማግኘት በፕሮፌሰሩ ጠረጴዛ ላይ፣ ከሻይ ኩባያቸው ስር ተቀምጦ ነበር።

ኮሚቴው ሦስት አዛውንት ነበሩ፤ ሰብሳቢው ኦኖዴራ ይባላሉ። አቶ ኒሺጋኪ ለክብራቸው ሲጨነቁ ሰንብተው አንድ ታላቅ ውሳኔ ወሰኑ፤ በእንግዳ ፊት መዝለል ነውር ስለሆነ በዚያ ጠዋት ሙዚቃው ብቻ እንዲሰማ፣ ሠራተኛው ግን እጁን ከጎኑ አጣብቆ በአክብሮት እንዲቆም አዘዙ። ካልተዘለለ ሴሎቹ እንደማይበሩ የምታውቀው ካናዬ ብቻ ነበረች።

ፒያኖው ተጀመረ። አሥራ አራት ሰው ቀብር ላይ እንደቆመ ሰው ቆመ። የዝላዩ ዜማ መጣ፣ አለፈ። ሴሎቹ ወይ ፍንክች። ሙዚቃው ተደገመ፤ አሁንም የለም። ኦኖዴራ ሰዓታቸውን አዩ። ካናዬ እውነቱን ለመናገር ልቧ እሰይ ብሎ ነበር፤ ወዲያው እናቷ ብርድ ልብሷን ስትጠቀልል ታያትና አፈረች።

ፕሮፌሰሩ አመዳቸው ቡን አለ። እጅ ነሱ፤ አልበቃ አላቸው። ዝቅ ብለው ነሱ፤ እሱም አልበቃ አላቸው። በመጨረሻ ተንበረከኩና ግንባራቸውን ከእንጨቱ ወለል ጋር ጓ አደረጉት። አለቃ ወድቆ ሠራተኛ አይቆምምና አሥራ ሦስቱም ተከታትለው ጓ፣ ጓ አሉ። የማይክሮስኮፑ ስክሪን ዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆነ።

ኦኖዴራ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ጠረጉ። ሴሎቹ ይቅርታውን ተቀበሉ አሉ፤ ሁለቱ አዛውንት ራሳቸውን ነቅንቀው አጸደቁ። ሰብሳቢውም ግንባሯን እያሻሸች ወደተነሳችው ካናዬ ዞሩ።

«ሴሎቹን የምትንከባከቢያቸው አንቺ ነሽ?»

ካናዬ ኒሺጋኪን አየች፣ ፕሮፌሰሩን አየች። የመጣው ይምጣ አለች።

«አዎ፣ እኔ ነኝ። የበሩት የፕሮፌሰሩ ግንባር ወለሉን ስለመታው ነው።»

አቶ ኒሺጋኪ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እኛስ ሌላ ምን አልን?» አሉ ኦኖዴራ በለሆሳስ።

«ንዝረቱ ነው የምልዎት። ጠረጴዛው ስለተነቃነቀ ነው።»

«ጠረጴዛው ብቻ? የኔም ልብ ተነቃንቋል፣ ልጄ።»

ካናዬ ወደ ሰልፏ ተመለሰች።

ላቦራቶሪው በዚያው ወር «የሴል ቅን ልቦና ተቋም» ተባለ። የካናዬ ኮንትራት ለአምስት ዓመት ታደሰ፤ እናቷም ከቤቷ አልተነሳችም። የፕሮፌሰሩ ግንባር ግን አብጦ ሐኪም ሁለተኛ እንዳይደግሙት ከለከላቸው። ስለዚህ «የግንባርን ሚና በኮሚቴው ፊት ቀድማ ያስረዳች ባለሙያ» ተብላ፣ ተቋሙን ወክላ በየቀኑ እንድትንበረከክ ለካናዬ በደብዳቤ ታዘዘ። በሪፖርቷም ላይ ሰባተኛው ማኅተም አርፎበት፣ «ታይቷል» ተብሎ ተመለሰላት። ፕሮፌሰሩ አላነበቡትም፤ የሻይ ኩባያቸው ክብ ግን ከማኅተሙ አጠገብ ቀርቷል።

ዛሬ ጎብኚ በአውቶቡስ ይመጣል። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ፒያኖው ይሰማል፣ ሰዉ ትንፋሹን ይይዛል፣ ካናዬም ወደ ማይክሮስኮፑ ትጠጋለች። ወለሉ ለጉልበት አይመችም። እሷም አሥራ ሁለት ገጽ ሪፖርቷን ለሁለት አጥፋ ከጉልበቷ ስር ታነጥፈዋለች፤ ጥሩ ውፍረት አለው፣ ሰባቱ ማኅተሞችም እዚያ ስር እርስ በርስ እጅ እንደተነሳሱ ናቸው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ወለሉን በግንባሯ ጓ ታደርገዋለች። ለሴሎቹ መልእክቱ ያለ አንድ ማኅተም ወዲያው ይደርሳቸዋል።