ለይመር የመጡ ፖስትካርዶች

ሰውን በበዓል ማግስት የበጉን ዋጋ ብትጠይቁት ገበያ ዐዋቂ ለመባል ይቀንሳል፤ «እንኳን አደረሰህ» ያሉትን ሰዎች ቁጥር ብትጠይቁት ደግሞ ታዋቂ ለመባል ይጨምራል። እኔ ይመር ሁለቱንም አድርጌ ዐውቃለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም። ይህን እኔ ስናገር የምትጽፈው ልጄ ናት፤ «አባዬ፣ ይሄ ተጋኗል» ባለች ቁጥር «አንቺ ጻፊ፣ ማጋነኑ የኔ ሥራ ነው» እላታለሁ። ከወሎ ገጠር ወጥቼ ካዛንቺስ የገባሁት በዚሁ አፌ ነው። በአገሬ «ያለ ጨው ወጥ፣ ያለ ይመር ሠርግ አይጥምም» ይባል ነበር፤ ባዩ እኔው ብሆንም።

ግቢያችን በአንድ ቧንቧ የምንጠቀም ጎረቤታሞች የምንኖርበት ነው። ዙሪያችን ፎቅ ሆኖ እኛ መሐል ቀርተናል፤ ሆቴሎቹም ከላይ ቁልቁል እያዩን ይቀናሉ። ለምን አይቀኑ? የእነሱ እንግዳ ከጎኑ ማን እንዳደረ አያውቅም፤ እኛ እኮ ጎረቤታችን ምን እንዳለመ ሁሉ እናውቃለን! የእንቁጣጣሽ ለት ደግሞ ወጋችን አንድ ነው። በየቤቱ ትንሽ ትንሽ ይቀመስና ማሳረጊያው እኔ ቤት ይሆናል። ሆድ በየቤቱ ይሞላል፣ ሳቅ የሚቀዳው ግን ከኔ ነው። ይህቺ ወንበሬ ናት። ሚኒስትር እንኳ እንዲህ ያለ ወንበር የለውም፤ የሱን ያነሡበታል።

ዘንድሮ ግን ሊያነሡብኝ ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረቤታችን ጋሽ በላቸው ዕድሜ ልካቸውን መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የዱሮ አለቃቸው ዛሬ በቴሌቪዥን የሚታይ ትልቅ ሰው ሆኗል። ይኸው ትልቅ ሰው ፖስትካርድ ላከላቸው፤ እሳቸውም ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቀሉት። ከዚያ ወዲያ ማን ይመርን ያስታውስ? በበዓሉ ከሰዓት በኋላ ግቢው በሙሉ እሳቸው ቤት ገብቶ አንጋጦ ቀረ። ባለቤቴ አስካለ የጋገረችው ድፎ ዳቦ ሳይቆረስ ተቀመጠ። ቆራሽ ያጣ ድፎ ዳቦ ምን እንደሚመስል አይታችኋል? የቆመ መኪና ጎማ ነው የሚመስለው። አስካለም ዳቦውን አየች፣ እኔን አየች፣ «በቃ፣ ተሻርክ» አለችኝ።

ወጣሁና በጋሽ በላቸው በር ላይ ቆሜ፣ «ለአንድ ፖስትካርድ ነው ይሄ ሁሉ ግርግር? እኔ ቤት ተደርድሮ የለም እንዴ!» አልኩ። ጋሽ በላቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማን ልኮልህ ነው? የመብራት ቆጣሪ ወረቀት ይሆናላ» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰው በቀልዴ ሲስቅና በራሴ ሲስቅ ድምፁ ይለያል፤ ጆሮዬ አይስተውም። «እንግዲያው ትንሽ ቆይታችሁ ኑና እዩ!» ብዬ ወደ ቤቴ ሮጥኩ።

ምን ላድርግ? የሠርግ መጥሪያ እንደሁ ቤቴ ሞልቷል፤ ሁሉም ሠርጉን አድምቅልኝ እያለ ይጠራኛል። መጥሪያው ሳያረጅ ትዳሩ ያለቀም አለበት። ጠርዛቸው የሚያብረቀርቀውን መርጬ፣ ገመድ ወጥሬ፣ በልብስ መቆንጠጫ ደረደርኳቸው። ግቢው መጣ፤ ለመታዘብም ቢሆን መጣ። ጋሽ በላቸውም ከኋላ ቆሙ።

የመጀመሪያውን አንሥቼ፣ ከዝነኛው ሯጭ ነው አልኩ፤ «አዲሱን ዓመት እንደ ልማዴ ከሁሉ ቀድሜ ገብቻለሁ፤ እናንተም ቀስ እያላችሁ ኑ» ይላል። ሁለተኛው ከሚኒስትሩ ነው፤ «ዓመቱን መልካም ለማድረግ ጥናቱ ተጠናቋል፤ መልካምነቱ በቅርቡ ይጀመራል» ይላል። ሦስተኛው ከኳስ ተጫዋቹ፤ «መልካሙን ዓመት ላስገባላችሁ ነበር፣ ለጥቂት ወጣብኝ።» የዘፋኙ አንድ መስመር ብቻ ናት፤ ግን አራት ጊዜ ደጋግሞ ጽፏታል፣ መጨረሻው ላይም «እጃችሁን ወደ ላይ!» ይላል። ያ ሰማይ ላይ መንኮራኩር የሚልከው የባሕር ማዶ ሀብታም ደግሞ፣ «ይመር፣ ከላይ ሆኜ ሳይ ካዛንቺስን የማውቃት በእናንተ ግቢ ሳቅ ነው» ብሎኛል።

ይሄኔ እትዬ ዘሀራ፣ ከወሎ የመጡት ያገሬ ልጅ፣ «አንተ ይመር፣ ዘቅዝቀህ እኮ ነው የያዝከው!» አሉኝ። እኔ ልደነግጥ? «እትዬ፣ ምድር ክብ አይደለች? ከዚያኛው ወገን ሲጻፍ እንዲህ ነው» አልኳቸው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሳቸውም እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ለኔስ በኢድ ማን ይልክልኛል?» አሉ። «ሯጩ ራሱ ይመጣል እንጂ! ጨረቃ መታየቷን ከቴሌቪዥኑ ቀድሞ ሊነግርዎት» አልኳቸው። ድፎ ዳቦው ተቆረሰ፤ ወዲያው አለቀ። አስካለም ባዶውን ትሪ በኩራት ይዛ በግቢው ሁሉ ፊት አለፈች። ወንበሬ ተመለሰች።

ሰው ሁሉ ሲበተን ጋሽ በላቸው ብቻ ቀሩ። ሊያዋርዱኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ከኮታቸው ኪስ ያንን የእውነቱን ፖስትካርድ አወጡ። ለካ ከግድግዳው አውርደውት መጥተዋል። «እስቲ ይሄንንም አንብብልኝ» አሉኝ። «ጋሽ በላቸው፣ የተማሩት እርስዎ፣ አንባቢው እኔ?» ብላቸው አቀረቀሩና፣ «እኔ ሳነበው ያጥራል» አሉ። ኋላ እንደሰማሁት፣ በማተሚያ ቤት ፊደል «ለውድ ሠራተኞቻችን፣ እንኳን አደረሳችሁ» ከማለት በቀር የሳቸው ስም እንኳ የለበትም።

ካርዱን ተቀበልኳቸው። በወጉ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «ለተከበሩ ጋሽ በላቸው፤ እርስዎ ከወጡ ወዲህ መዝገቡ ሁሉ ቦታው ጠፍቶበታል፤ እኛም እንደ መዝገቡ ሆነናል። እርስዎ ያስቀመጡትን ፋይል ግን ዛሬም ማንም ሳይደክም ያገኘዋል» አልኩ። ጋሽ በላቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። መነጽሩ ግን ንጹሕ ነበር። «ከታችስ? ከታች ምን ይላል?» አሉኝ።

«ከታችማ፣ ለጎረቤትዎ ለአቶ ይመር እንኳን አደረሰህ በሉልኝ ይላል» አልኳቸው።

ካርዱን ተቀብለው፣ ወደ ብርሃኑ አስጠግተው፣ ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያም፣ «አዎ፣ ይላል» ብለው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

እንግዲህ እኔም በቴሌቪዥን ከሚታይ ሰው ሰላምታ የደረሰኝ፣ ያውም በተማረ ሰው የተመሰከረልኝ ሰው ነኝ። ካርዱም ተመልሶ ጋሽ በላቸው ቤት ተሰቅሏል። የተጠራጠረ ሄዶ ያንብብ፤ ማንበብ ካቃተው እኔ አለሁለት።