ኮከብ ሠራተኛዋ ሣጥን

በዓለም ላይ ያሉ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ አንድ ቀን ይሳሳታሉ። ጎጃም በረንዳ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ይገኝ የነበረው፣ ለክብሩ ስንል ስሙን የማንጠራው የሸቀጥ ማከፋፈያ ድርጅት ግን ተሳስቶ አያውቅም። ለመሳሳት በመጀመሪያ መሥራት ያስፈልጋል፤ እዚያ ደግሞ ከሥራ በፊት ስብሰባ ይቀድማል። ሰኞ ስለ ሳሙና እጥረት ይሰበሰባሉ። ረቡዕ ሰኞ ስለተደረገው ስብሰባ ይወያያሉ። ዓርብ ሂስና ግለሂስ ነው። ሳሙና ፈላጊው ሕዝብ በበኩሉ ከበሩ ውጭ ተሰልፎ የድርጅቱን ትጋት ያደንቃል።

የዚህ የተባረከ ድርጅት ሾፌር ጠሃ ነበር። ሐይቅ ተወልዶ መርካቶ ያደገ፣ ከሰው የማይጣላ፣ የሚወደው ነገር ቢኖር የመኪና መሪና ሚስቱ አስያ ብቻ የሆነ ሰው ነው። ስብሰባ ላይ ሁልጊዜ ከኋላ ይቀመጣል። እጅ አውጡ ሲባል ግራ ቀኙን ያይና ብዙዎቹ ሲያወጡ ያወጣል፣ ሲያወርዱ ያወርዳል። በዚህ ዘዴ ስንቱን ክፉ ዓመት በሰላም አልፎታል።

ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ላይ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ሻንጣውን በቅጡ ሳይዘጋ ካገር ሲወጣ፣ ቀይ መኪናውን ትቶ ሄደ። መኪናዋ ተወርሳ ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ለጓድ ዱባለ ተመደበች። ኮፋኖዋ ረጅም፣ በሯ ሁለት ብቻ ሲሆን፣ ሞተሯ ላይ ኮምፕሬሶሬ የሚሉት አየር ጨምቆ የሚያጎርስ መሣሪያ አላት። ነዳጅ ሲረግጡላት ታፏጫለች፤ የተሳፈረው ሰው ወደፊት ሄዶ ሆዱ ወደኋላ ይቀራል። ከሆዷ ሥር ደግሞ፣ ከድምፅ ማፈኛው ከማርሚታው ቀደም ብሎ፣ ካታሊቲክ ኮንቨርተር የምትባል የብረት ሣጥን ተገጥማለች። ውስጧ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፤ ሥራዋም የሞተሩን ጭስ አጣርቶ ማሳለፍ ነው። ጠሃ በዚች መኪና አትክልት ተራን እያፏጨ ሲያቋርጥ፣ ጎመን ቸርቻሪዎቹ ሁሉ ቀና ብለው ያዩት ነበር። እሱም እንዳላየ ሆኖ ያያቸው ነበር።

ጥቂት ወራት እንዳለፉ መኪናዋ ታመመች። ሜዳ ላይ ትሄዳለች፤ ዳገት ስታይ ግን ታቃስታለች፣ ትግላለች፣ ነዳጅ በተረገጠላት ቁጥር ይብስባታል። አስያ ነገሩን እንደሰማች ምክንያቱን ወዲያው አወቀችው። ቀይ መኪና ይዞ በገበያ መሃል የሚያፏጭ ሰው ዓይን ቢበላው ምን ይገርማል ብላ፣ መሪው ሥር የሚንጠለጠል ነጭ ሽንኩርት በክር ሰፍታ ሰጠችው። ጠሃ አንጠለጠለው። መኪናዋ ከማቃሰቷ ሌላ መሽተት ጀመረች።

ቢቸግረው ሶማሌ ተራ ወዳለው መካኒክ ወደ ጁነዲን ወሰዳት። ጁነዲን የደህና መኪና ካንዴላ ነቅሎ ለዚያው ለባለመኪናው መልሶ በመሸጥ የታወቀ በመሆኑ፣ እውነት ቢናገር የሚያምነው ሰው አልነበረም። ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ሣጥኗን በመፍቻ መታ መታ አደረገና ወጣ።

«ይቺ ናት ያፈነቻት» አለ። «ፈረንጅ አገር እርሳስ የሚሉት ማዕድን የሌለበት ቤንዚን አላቸው። የኛ ቤንዚን አለበት። ገብቶ ገብቶ ቀዳዳዋን ደፈነው። ያ ኮምፕሬሶሬ ከላይ ያጎርሳል፣ ከታች መውጫ የለም። አንተስ እያጎረሱህ መውጫውን ቢደፍኑብህ ትሮጣለህ?»

መፍትሔው ሣጥኗን አውጥቶ በቦታዋ ቧንቧ መበየድ እንደሆነ ነገረው። የወጣችውን ሣጥን ግን ለድካሙ እሱ ሊያስቀራት ፈለገ፤ ምናለሽ ተራ ብረት የሚገዛ ወዳጅ ነበረው። ጠሃ ይህን ሲሰማ ነገሩ ሁሉ ሌብነት መሰለው። የመንግሥት ንብረት ያለ ፈቃድ መፍታትም ስለሚያስጠይቅ፣ ለአለቃው ሊያመለክት ተመለሰ።

ጓድ ዱባለ ሲያመለክቱለት ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰማ ሰው ነው። ጨርሶ ከሰማ በኋላ፣ በሚመጣው ሳምንት የነዳጅ ቁጠባ ዘመቻን የሚከፍቱ ታላቅ እንግዳ ከበላይ አካል እንደሚመጡና ከተክለሃይማኖት አደባባይ ተቀብለው በዚችው መኪና እንደሚያመጧቸው ገለጠ። ድርጅቱ ካሉት መኪናዎች ሁሉ ነዳጅ አብዝታ የምትጠጣውን ለቁጠባ በዓል መምረጡ የአርቆ አስተዋይነቱ ምልክት ነው። ሰካራም ሳያሳዩ ስለ መጠጥ ማስተማር አይቻልምና።

«ስማ ጠሃ» አለ ጓድ ዱባለ ዓይኑን ገልጦ። «እንግዳው ተሳፍረው መኪናዋ ዳገት ላይ ብትቆም ብልሽት አይባልም። አሻጥር ነው። አሻጥር ደግሞ መኪና አይሠራውም። መሪው በማን እጅ ነው ያለው?»

ጠሃ እጆቹን አያቸው። በዚያ ዘመን አሻጥር የተባለበት ሰው ምሳውን ቤቱ እንደማይበላ መርካቶ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ማታ ለአስያ ሲነግራት እንባዋ መጣ፤ እሱም አለቀሰ። ከዚያ እሷ ሌላ ነጭ ሽንኩርት ጨመረችለት።

ዓርብ ደረሰ። መኪናዋ ሂስና ግለሂስ እንድታደርግ ተወሰነና መጋዘኑ ውስጥ ገብታ፣ ኮፋኖዋን ከፍታ በመድረኩ ፊት ቆመች። ሰብሳቢዋ የውይይት ክበቡ ኃላፊ ጓዲት ሙሉብርሃን ነበረች። ጓዲት ሙሉብርሃን ስለ መኪና ምንም አለማወቋ ለሚዛናዊነቷ ትልቅ ዋስትና ነበር። በመጀመሪያ መኪናዋ ድክመቷን በራሷ እንድትናገር ዕድል ሰጠቻት። መኪናዋ ዝም ስላለች፣ በምትኳ ሾፌሩ እንዲመልስ ተደረገ። ጠሃ ከተቀመጠበት ከኋላ ተጠርቶ መጣ። ሣጥኗ ተደፍናለች የሚሉ ሰዎች አሉ አለ፤ እኔ እላለሁ ለማለት አልደፈረም።

«ሣጥኗ ድምፅ ታሰማለች?» አለች ጓዲት ሙሉብርሃን።

«አታሰማም።»

«ከሌላ የመኪናው ክፍል ጋር ተጋጭታ ታውቃለች?»

«ኧረ የለም።»

«የገባባትንስ ነገር ወደ ውጭ ታወጣለች?»

«አሁንማ ምንም አታወጣም።»

«ምስጢር ጠባቂ ናት ማለት ነው» አለች ጓዲት ሙሉብርሃን፤ መጋዘኑ በጭብጨባ ተናወጠ።

ከዚያ ተራው የኮምፕሬሶሬው ሆነ። ተፈጥሮ ለሁሉም እኩል ያደለውን አየር ተሻምቶ ከድርሻው በላይ መውሰዱ፣ ሌላው በዝምታ ሲሠራ እሱ ብቻ ማፏጨቱ፣ ይህም ፉጨት ዜማው የባዕድ መሆኑ ተራ በተራ ተነገረው። አንድ ተናጋሪማ እንዲህ ያለ አጎራሽ ባይኖር ጎራሽም እንደማይታፈን ሲያስረዳ፣ እውነቱ ጋ ሊደርስ ትንሽ ቀርቶት ነበር፤ ደግነቱ ሰዓት አልቆበት ተቀመጠ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለው የአባቶች ብሂል ተጠቀሰና፣ ኮምፕሬሶሬው የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተፈትቶ ከሥራ እንዲታገድ፣ ሣጥኗ ግን የዓመቱ ኮከብ ሠራተኛ ሆና እንድትመረጥ ሐሳብ ቀረበ። ጠሃ ግራ ቀኙን አየ። እጁን አወጣ። በማግስቱ ከመኪናዋ ሥር ተንጋሎ በሣጥኗ ላይ ቀይ ኮከብ የቀባውም እሱ ራሱ ነው።

እንግዳው በቀጠሮው ቀን መጡ። ሰፊ ሰው ናቸው። በሩ ሁለት ብቻ በመሆኑ ከፊት ከጠሃ ጎን ተቀመጡ፤ ጓድ ዱባለ ጉልበቱን አገጩ ላይ አጥፎ ከኋላ ተወሸቀ። እንግዳው የሽንኩርቱን ሽታ አሽትተው፣ መኪናዋ የገበሬውን ጠረን መያዟ እንዳስደሰታቸው ተናገሩ። ጠሃ ቢስሚላሂ ብሎ አስነሣ።

ሜዳውን እንደምንም ሄዱ። ወደ ጎጃም በረንዳ የሚያወጣው ዳገት ግርጌ ሲደርሱ መኪናዋ አንዴ ተንፈራፈረች፣ ደገመች፣ ከዚያ ሞተሯ ጭጭ አለ። የተቀባው ኮከብ ከታች ሲቃጠል ጠሃን ይሸተዋል። ፍሬን ያዘ። የአስያ ፊት ታየው፤ የእስር ቤት ስንቅ ይዛ ቆማ ታየችው። ከኋላው የጓድ ዱባለ ትንፋሽ ማጅራቱን ያቃጥለዋል።

አሁን መርካቶን ለማያውቅ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። መርካቶ ውስጥ ዳገት ላይ የቆመ መኪና ያየ ሰው «ልግፋልህ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። ባለመኪናውን ቢጠላውም፣ ራሱ ቢቸኩልም፣ ሸክሙን ያወርድና መጥቶ ይገፋል። በዚያ ሰዓት የጠሃ የዕቁብ ጓደኛ ሠርኬ፣ ከባልደረቦቹ የጋሪ ገፊዎች ጋር ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። ቀይዋን መኪና አወቃት። ጋሪያቸውን ትተው ተነሡ፤ ከኋላ መጥተው ትከሻቸውን ሰጡ። መንገደኛውም ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እያለ ተጨመረ። መኪናዋ ፍሬኗ ሲለቀቅላት እንደ ሙሽራ ቀስ ብላ ዳገቱን ትወጣ ጀመር። ገፊዎቹ «ሆ! ሆ!» ይላሉ።

እንግዳው አንገታቸውን አዙረው ሕዝቡን አዩ።

«ይኼ ሁሉ ሰው ምንድን ነው?» አሉ።

ጓድ ዱባለ ከጉልበቶቹ መካከል ሆኖ፣ «እርስዎን ብሎ የወጣ ነው ጓድ። ሕዝቡ ከኋላችን ነው» አለ።

እንግዳው በመስኮት እጃቸውን አውለበለቡ። ገፊዎቹ ግን እጃቸው ሥራ ላይ ስለነበር አላውለበለቡም፤ ሆ! ብቻ አሉ። ትንሽ ቆይተው እንግዳው፣ ይቺ መኪና ድምፅ የላትም እንዴ ብለው ጠሃን ጠየቁት። ጠሃም፣ ኮከብ ሠራተኛ ከተመረጠች ወዲህ ጠባይዋ እንዲህ ሆኗል አላቸው። ውሸት አልነበረም።

መጋዘኑ ደረሱ። እንግዳው መድረክ ላይ ወጥተው የተጻፈላቸውን ንግግር አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«ዳገቱን ስንወጣ የነዳጅ መለኪያውን በዓይኔ እያየሁ ነበር» አሉ። «ቀስቱ ንቅንቅ አላለም። እስከዛሬ ነዳጅ ይቆጠብ ስንል ነበር። ይህ ድርጅት ግን ነዳጅን ከነጭራሹ አስቀርቶታል።»

ጭብጨባው ጣራውን አንሥቶ መለሰው። ጠሃም አጨበጨበ። ከሞት የተረፈ ሰው ሲያጨበጭብ ከልቡ ነው።

እንግዳው አንዴ እንዲህ ካሉ በኋላ መኪናዋ ተገፍታ ነው የመጣችው ብሎ ማን ይናገር? መናገር እንግዳውን ማስተባበል ነው፤ እሱ ደግሞ ከአሻጥር የከፋ ስም አለው። ስለዚህ መኪናዋን ማንም አልጠገናትም። ከሌሎች ድርጅቶች ለልምድ ልውውጥ የሚመጣው ሰው በዛና በየጠዋቱ ዳገቱን እንድታሳይ ግድ ሆነ። ሠርኬና ባልደረቦቹ ጋሪያቸውን ሸጠው በቋሚነት ተቀጠሩ፤ ክፍላቸውም የሰፊው ሕዝብ ግፊት ክፍል ተባለ። በድርጅቱ ታሪክ በየቀኑ ሥራ የገባ የመጀመሪያው ክፍል እሱ ነው። ቆየት ብሎ ደግሞ በአንድ ዓርብ፣ ሁሉ ሲገፋ ተቀምጦ የሚሄድ አንድ ሰው እንዳለ ተደረሰበት። ይህም ሰው ጠሃ ነበር። ጠሃ ግለሂስ አደረገና ወደ ኋላ ተዛወረ፤ መሪውን ጓድ ዱባለ ራሱ ያዘው። አስያ በየማታው የባሏን ትከሻ በቅባት ታሽለት ጀመር። ቢያንስ ቤቱ ነው የሚያድረው ትላለች።

ዓመቱ ሞልቶ ኮከብ ሠራተኛ የሚመረጥበት ስብሰባ መጣ። ጓዲት ሙሉብርሃን የሣጥኗን የዓመት ሥራ ዘረዘረች፤ አንድ ጠብታ ነዳጅ አለማባከኗን፣ አንድ ቃል አለመናገሯን። ለሁለተኛ ጊዜ እንድትመረጥ የሚደግፍ እጁን እንዲያወጣ ጠየቀች። መጋዘኑ በእጅ ተሞላ።

ጠሃ ግራ ቀኙን አየ፤ እጁን ላከው። እጁ ከደረቱ አላለፈም። ለወራት የገፋበት ትከሻው ደርቆ ቀርቷል። እንደገና ሞከረ፣ አልሆነም። ከመድረኩ ጓዲት ሙሉብርሃን አንገቷን ሰገግ አድርጋ የወረደ እጅ ትፈልጋለች። ጓድ ዱባለ ዓይኑን ገልጧል። ክፉውን ዓመት ሁሉ በዚች እጅ ያለፈ ሰው፣ ዛሬ በዚችው እጅ ሊያዝ ነው።

ሠርኬ ከጠሃ በስተኋላ ተቀምጦ ነበር። ዳገት ላይ የቆመ ነገር አየ። አልጠየቀም። አንዱን እጁን ለድጋፍ እንዳነሣ፣ በሌላው የጠሃን ክርን ከሥር ያዘና ወደ ላይ ገፋው።

ሣጥኗም በሙሉ ድምፅ ተመረጠች።