ካፒቴን ኤውሴቢዮ አርባ ደቂቃ ከባሕር በታች የቆዩበት ዜና

በሥዩመ ካንሉማይ፣ በገባሬ ድልድይ ወቧንቧ፣ በተራራዋ መንደር አለቃ በካፒቴን ኤውሴቢዮ ማግላሳንግ ሦስተኛ የምርጫ ዘመን፣ በመንበራቸው በሰባተኛው ዓመት፣ በወርኃ ግንቦት በሁለተኛው ቅዳሜ፣ ከጧቱ በአራት ሰዓት፣ እስከዚያች ዕለት ከጉልበታቸው በላይ ውኃ ገብተው የማያውቁት እኒህ የተራራ ሰው ከባሕር በታች ወረዱ።

የወረዱበትም ምክንያት ይህ ነው። ልጃቸው ጆቬሊን የነርስነት ትምህርቷን በሁለተኛው ዓመት ትታ፣ የመንደሩንም ጤና ጣቢያ ያለ ነርስ አስቀርታ፣ በሞአልቦአል ባሕር ዳርቻ ለእረፍት የሚመጡ እንግዶችን በግማሽ ቀን ትምህርት ከባሕር በታች መተንፈስ ታስተምር ነበርና፣ ካፒቴኑ ይዘዋት ሊመለሱ በምክር ቤቱ ፊት ማሉ። የተከተሏቸውም ሰባቱ የምክር ቤት አባላት፣ በዘንባባ ቅጠል የተጠቀለለ መቶ ጥቅል ሩዝ ያነገበችው ገንዘብ ያዥ ሶሌዳድ፣ ድምፁ ሦስት ሸለቆ የሚያቋርጠው የካራኦኬ ሣጥን ከሁለት ተሸካሚዎቹ ጋር፣ በስተኋላም የካፒቴኑ የሚስት ወንድም፣ ነጋሪው ዲሜትሪዮ ነበሩ።

ጆቬሊንም የመጡበትን በሰማች ጊዜ በሁሉ ፊት፣ አባቷን በአገሯ ቋንቋ ታታይ ብላ እየጠራች፣ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «ታታይ፣ ስማኝ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ከታች ከቆየህ ሻንጣዬን ሸክፌ ዛሬውኑ አብሬህ እሄዳለሁ። ቀድመህ ብቅ ካልክ ግን የነርስን ነገር ሁለተኛ እንዳታነሣብኝ!»

ካፒቴኑም ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ፤ ይህም በካንሉማይ ሕግ ከፊርማ የሚጸና እሺታ ነው።

ወእምዝ አራት ሰዎች ጥቁሩን ጥብቅ ልብስ ጎትተው አለበሷቸው፣ ወደ ታች የሚያሰምጠውን የእርሳስ መቀነት አስታጠቋቸው፣ የአየሩን ሲሊንደር አሸከሟቸው፣ ዓይንና አፍንጫ የሚሸፍነውን መነጽር አጠለቁላቸው፣ የመተንፈሻውንም አፍ አስነከሷቸው። ዲሜትሪዮም በካራኦኬው ድምፅ ማጉያ ለዳርቻው ሁሉ አስነገረ፦ «ኑ፣ እዩ! ካፒቴኑን እንደ ሶሌዳድ ሩዝ ጠቅልለዋቸዋል፤ ፀሐይ ላይ ትንሽ ከቆዩ ይበስላሉ!»

ጆቬሊን ደግሞ የጥልቁን ሕግ አወጀች፦ «ከታች ቅንድብ የለም፣ ከንፈር የለም! ደህና ነኝ ለማለት ሁለት ጣትህን ገጥመህ ክብ ትሠራለህ፤ ያየኸውን በእጅህ ትጠቁማለህ። ትንፋሽህን እንዳትይዝ። ገባህ?»

ካፒቴኑ ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ።

«ታታይ!»

ስድስት ሜትር በወረዱ ጊዜ፣ በስምንተኛው ደቂቃ፣ ልጅቱ ጣቷን ክብ አድርጋ ደኅንነታቸውን ጠየቀች፤ እርሳቸውም የአባቶቻቸውን ልማድ በአንድ ጧት መተው አልሆነላቸውምና በቅንድባቸው መለሱ፤ ግንባራቸው ቢሸበሸብ መነጽሩ ከፊታቸው ላላ፤ ባሕርም በዚያ በር እስከ አፍንጫቸው ገባ። እርሳቸው ግን እንደ ተማሩት ቀና ብለው በአፍንጫቸው እፍ አሉ፤ ባሕርም እንደ አገባቡ ወጣ።

በሠላሳ አንደኛው ደቂቃ፣ የምክር ቤቱን ጠረጴዛ የሚያህል የባሕር ኤሊ በእርጋታ መጣ። ጆቬሊን ጀርባዋን ሰጥታ ነበር። ካፒቴኑም ልጃቸው ኤሊውን በሳምንት ስድስት ቀን እንደምታየው ዘንግተው፣ ሳታየው እንዳያልፋት ሳሱ፤ ለካንሉማይ ሰው ደግሞ እጅ ለሸክም ነው እንጂ ለመጠቆም አይደለምና፣ ከንፈራቸውን አሹለው ጠቆሙላት። የመተንፈሻው አፍ ከአፋቸው ወጥቶ ሄደ።

ሽቅብ ቢያዩ ብርሃን ነበር፤ አየርም ነበር፤ ሽንፈትም ነበር። እጃቸውን ለፍለጋ ሳይዘረጉ ግን አንዲት እጅ የመተንፈሻውን አፍ በከንፈራቸው ላይ አድርጋ ያዘችላቸው፤ የዚያችው ጀርባዋን ሰጥታ የነበረች ልጅ እጅ ነበረች። ነከሱት፤ እፍ አሉ፤ ሳቡ። እርሷም ሌላውን እጅዋን በእጃቸው የደም ሥር ላይ አኑራ፣ ዓይናቸውን እያየች፣ ትርታቸው እስኪረጋ ድረስ ከአጠገባቸው አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያም ጣቷን ክብ አደረገች። ካፒቴኑም ጣታቸውን ክብ አደረጉ።

አርባው ደቂቃ ሲሞላ ወጡ፤ ዲሜትሪዮም፦ «አሸነፉ! ጆቬሊን፣ የእኔ እመቤት፣ ሻንጣሽን ይዘሽ ነይ!» ብሎ አስነገረ። እርሷም ቃሏ ቃል ነበርና ሸክፋ መጣች፤ ሻንጣዋም በመጡበት ቫን ጣሪያ ላይ ታሰረ።

ሰላም ለቅንድብዎ፣ ለማዕበል በር ለከፈተው፤ ሰላም ለአፍንጫዎ፣ ባሕርን ነፍቶ ላባረረው፤ ሰላም ለከንፈርዎ፣ በስድስት ሜትር ጥልቀት ኤሊን ለጠቆመው! ሞአ ባሕር፣ ሥዩመ ካንሉማይ፣ ከተራሮች ወገን እንደ እርስዎ የሰመጠ፣ ሰምጦም ደርቆ የተመለሰ ማን አለ?

ካፒቴኑም ውኃው ከጢማቸው እየተንጠባጠበ ድምፅ ማጉያውን ተቀብለው አወጁ፦ «ሻንጣዋን አውርዱ። ትርታ የምትጠብቅ እጅ እዚህም ታስፈልጋለች፤ ጆቬሊን እዚሁ ትቆያለች።»