የአዴ ዘይነባ ቅልና የእኔ በረኪና

የሰው ልጅ የማያየውን ነገር መፍራትም መናቅም ያውቅበታል። ጂኒ አለ ብትሉት ይንቀጠቀጣል። በአንድ ማንኪያ እርጎ ውስጥ ከጭሮ ከተማ ሕዝብ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ፍጥረት ይርመሰመሳል ብትሉት ግን «ውይ!» ብሎ ማንኪያውን ያስቀምጥና፣ ትንሽ ቆይቶ መልሶ አንስቶ ይልሰዋል። እኔ በዚህ ሰው አልስቅም። የምስቅበት ሌላ ሰው አለኝ፤ እሱም ራሴ ነኝ።

ጭሮ ውስጥ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። በየዓመቱ ስለ ሕዋስና ስለ ረቂቅ ተሕዋስያን አስተምራለሁ፤ አብዛኞቹ አንዲት ሕዋስ ብቻ ይዘው ስለሚኖሩ፣ ሊጥ ስለሚያቦኩ፣ ጠላ ስለሚጠምቁ፣ የወደቀ ቅጠል አበስብሰው ለአፈር ስለሚመልሱ። «ጀርም ሁሉ ጠላት አይደለም!» ብዬ ጠረጴዛ የምመታበት ቦታ እንኳ አለኝ። ይህ ጉድ በደረሰብኝ ሳምንት ማክሰኞም መታሁት። «ወተቱን እርጎ የሚያደርገው ማነው?» ብዬ ጠየቅሁና መልሱን በትልልቁ «ባክቴሪያ» ብዬ ጽፌ፣ ከሥሩ ሁለቴ አሰመርኩበት። ይህችን ያዙልኝ።

የምኖረው ከአዴ ዘይነባ ግቢ ተከራይቼ ነው፤ «አዴ» እኛ አገር ትልቅ ሴት በአክብሮት የምትጠራበት ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚተዳደሩት በእርጎ ነው። ጠዋት ከገጠር የሚመጣላቸውን ወተት ከእናታቸው በወረሱት ትልቅ ቅል ያጠራቅማሉ፤ ሲረጋ ገበያ ይወጣሉ። ያ ቅል ሳሙና ነክቶት አያውቅም። ለቅለቅ፣ የወይራ ጢስ፣ አዲስ ወተት፤ በቃ! የሂርና ሚኒባስ ሾፌሮች መኪና አቁመው የሚጠጡት ይህንኑ እርጎ ነው። እኔም በየጠዋቱ አንድ ኩባያ ይላክልኛል፣ እጠጣለሁ፤ የቅሉን ውስጥ ጥቁረት ባየሁ ቁጥር ግን ሰውነቴን ይሰቀጥጠኝ ነበር።

ሐሙስ ዕለት፣ ልጃቸው ገለምሶ መውለዷ ተሰማና አዴ ጥድፍ ብለው ተነሡ። «መምህር፣ ቤቱን አደራ» ብለው ቁልፉን ሰጡኝ። ቤቱን ነው ያሉኝ። ስለ ቅሉ አንድም ቃል አልወጣቸውም። እኔን ግን ደግነት ሲይዘኝ አያድርስ ነው። ሲመለሱ ደስ ይበላቸው ብዬ ቅሉን አውጥቼ በፈላ ውሃ፣ በሳሙና፣ በበረኪና ሦስት ጊዜ ፈገፈግኩት። ጥቁሩ ውሃ በቦዩ ሲወርድ እንዴት ያለ ኩራት ተሰማኝ መሰላችሁ! ማክሰኞ ያሞገስኳቸውን ሐሙስ ፈጀኋቸው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚሉት ተረት አለ፤ ተምሮም ለረሳ ሰው የሚሆን ተረት ግን እስካሁን አላገኘሁም።

አዴ እሑድ ተመለሱ። ቅሉን አዩት፣ አሸተቱት። ከዚያ «ደከምክ፣ መምህር» አሉኝ። እኔም ምስጋና መስሎኝ «ኧረ ምንም አይደል!» አልኩ።

በማግስቱ ወተቱ አልረጋም። በሚቀጥለውም ቀን ቀጥኖ፣ ሸተተና ተደፋ። ከገበያ የሰው እርጎ ገዝተው እርሾ ቢያደርጉበት ረጋ፤ ጣዕሙ ግን የሳቸው አልሆነም። ሾፌሮቹ አንዴ ፉት ብለው «አቦ፣ አዴ፣ ዛሬ ምን ነካው?» እያሉ አስቀመጡት። በአራተኛው ቀን አዴ ገበያ አልወጡም። ደጃቸው ላይ ቅሉን ታቅፈው ተቀምጠው ሳያቸው ነው ያኔ ማክሰኞ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ትዝ ያለኝ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የኔን ያወጣው እርጎ ነው።

«አዴ፣ እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አልኩ።

«ያ ረቢ! ማንን?»

«ወተቱን የሚያረጉትን። ቅሉ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ነበሩ...»

«መኖራቸውንማ አውቃለሁ» አሉኝ። «እናቴ ‹ቅሉን ባዶ አታሳድሪው፣ ውስጡ ያሉት ይራባሉ› ትለኝ ነበር። አንተ አታውቅም ነበር?»

«ማክሰኞ አውቅ ነበር።»

አልቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የቅሉ እርሾ ዘር ያለው አንድ ሰው ጋ ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ፤ እትዬ አስካለ ጋ። እትዬ አስካለ እርጎ መሸጥ ስትጀምር የመጀመሪያዋን እርሾ የሰጧት እሳቸው ናቸው። በኋላ ግን ገበያ ውስጥ ጥላ ላለው መቀመጫ ተጣልተው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰላምታ የላቸውም። «ከሷ ደጅ ከምቆም ጾሜን ባድር ይሻለኛል፣ ወላሂ!» አሉ።

ያጠፋሁት እኔ፣ የምሄደውም እኔ። ባጃጅ ይዤ እትዬ አስካለ ቤት ደረስኩ። የመጣሁበትን ስነግራት ዓይኗን አፍጥጣ አዳመጠችኝ።

«ቅሉን በበረኪና?»

«አዎ።»

«ለመሆኑ አንተ የምታስተምረው ምንድን ነው?»

«ይህንኑ።»

እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። «አሁን ምን እየበላች ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ዛሬ ገበያ አለመውጣታቸውን ስነግራት ጓዳ ገባችና ነጠላዋን አጣፍታ፣ አንዲት ትንሽ ቅል ይዛ ወጣች። እጄን ዘረጋሁ። «እርሾ ተለምኖ አይከለከልም» አለች፣ «ለአንተ ግን አልሰጥም፤ መንገድ ላይ ታጥበዋለህ!»

አብራኝ ተሳፈረች። አዴ ዘይነባ ሲያዩዋት ከመቀመጫቸው ተነሡ። እትዬ አስካለ ቅሏን አቀበለቻቸው። «የራስሽን ነው ያመጣሁልሽ።»

አዴ ከፍተው አሸተቱ። የእናታቸው ቤት ሽታ ነበር። «አስካለ፣ ይኼን ሁሉ ዓመት ስትመግቢያቸው ኖርሽ?»

«አንድ ቀን አስርቤያቸው አላውቅም።»

ተቃቅፈው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ።

አሁን ሾፌሮቹ ተመልሰዋል። ጥላዋም ለሁለት ሰው ትበቃ ኖሯል፤ ሦስት ዓመት የለካት አልነበረም እንጂ። እኔም ማስተማሬን አልተውኩም፤ ጠረጴዛውን ግን ቀስ ብዬ ነው የምመታው።

ትናንት ጠዋት የተለመደችው ኩባያ እርጎ መጣችልኝ። ስጨርስ፣ የሰው ዕቃ ሳይታጠብ መመለስ ነውር ነውና፣ ወደ ቧንቧው አመራሁ። አዴ በመስኮት አዩኝ።

«መምህር! ተው፣ እንዳለ አምጣው።»

እንዳለ ወሰድኩላቸው።