ያበደ ልጅ አለን

አማርኛ እችላለሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። ጠዋት ይችል ይሆናል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ቃሉ ትርጉሙን ቀይሮ ሊጠብቀው ይችላል። ይህን የምላችሁ እኔ እንጅባራ ላይ አማርኛ አስተምሬ የማድር ሰው ነኝ። በቀደም ዕለት አንዲት ቃል ሠርግ ልታፈርስብኝ ነበር።

የእህቴ ልጅ ዮናስ እዚሁ ከተማ ሞባይል ይጠግናል። ዳንግላ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ሰላም የምትባል ልጅ ወደደና "ሽማግሌ ላኩልኝ" አለ። ዕጣው በእኔና በአጎቴ በአያ ታረቀኝ ላይ ወደቀ። አያ ታረቀኝ ከግምጃ ቤት ከተማ ወዲያ ያሉ ገበሬ ናቸው፤ ሲያርሱ በአዊኛ፣ ሲያስታርቁ በአማርኛ። ዋሽተው ስለማያውቁ ጎረቤት ሁሉ አስተያየት ሊጠይቃቸው ይፈራል።

"ልጅቷ እንዴት ናት?" አሉት ዮናስን።

"ያበደች ልጅ ናት፣ አያ።"

ቀና ብለው አዩት። "መቼ ጀመራት?"

"ተፈጥሮዋ ነው። እናቷም በወጣትነታቸው እንደዚያ ነበሩ አሉ።"

"አባቷስ?"

"እሳቸው ደግሞ አደገኛ ናቸው።"

አያ ታረቀኝ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። "የታመመ ቤት ሄደን ልጅ ስጡን አንልም፤ ነውር ነው።"

እንደ ምንም አግባብቼ ሚኒባስ ውስጥ አስገባኋቸውና ማስረዳት ጀመርኩ።

"አያ፣ ያበደ ማለት አሁን ያማረ ማለት ነው። አደገኛ ማለትም ጎበዝ።"

"በእውነት ያበደውንስ ምን ይሉታል?"

"እሱንም... ያበደ ይሉታል።"

"ጤነኛውንስ?"

አሰብኩ። ተማሪዎቼ ረጋ ያለ ሰው ሲያዩ የሚሉትን አስታወስኩ። "ደባሪ" አልኩ።

"እንግዲህ እኔ ደባሪ ነኝ።"

"ኧረ አያ፣ እርስዎማ ያበዱ ነዎት።"

ሾፌሩ በመስታወት አየኝ። ከኋላ የተቀመጡ ሴትዮ ግን "እውነቱን ነው፤ ጎረቤቴ ቤት ያበደ ሶፋ ገብቷል" ብለው መሰከሩልኝ። አዲስ ቅዳም ከተማን ስናልፍ አያ ታረቀኝ ወደ እኔ ዞሩ።

"በኛ በአዊኛ እብድ እብድ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ግን ተናጋሪው ሁሉ ከተስማማ እውነቱ የእነሱ ነው። በሰው ቋንቋ ገብቼ አልሟገትም።"

እፎይ አልኩ። እፎይ ማለት አልነበረብኝም።

ዳንግላ ደርሰን፣ በጋሪ ከልጅቷ አባት ቤት ገባን። አቶ ገረመው ይባላሉ፤ እህል ነጋዴ ናቸው። እንደ ወጉ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለን ቆምን።

"ልጃችሁ እንዴት ያለ ነው?" አሉ።

እኔ አፌን ስከፍት አያ ታረቀኝ ቀደሙኝ። "ያበደ ልጅ ነው" አሉ ኮራ ብለው። "የእንጅባራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።"

ቤቱ ጸጥ አለ። ለካ አቶ ገረመውም የድሮው አማርኛ ሰው ናቸው። አያ ታረቀኝ ግን ዝምታው የአድናቆት መስሏቸው ፈገግ አሉ።

"ማለታቸው..." ስል አቶ ገረመው እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

"አንተ ቆይ። እዚህ ቤት ብዙ ሽማግሌ ቆሟል። ሁሉም ልጃችን ጨዋ ነው ይላል። ሲጣራ አንዱ ቁማርተኛ፣ አንዱ ባለ ሚስት። የልጁን ጉዳት ሳይደብቅ የነገረኝ ሽማግሌ ዛሬ ገና አየሁ። ከእንዲህ ያለ ዘር እዛመዳለሁ። ብቻ መጀመሪያ ልጁ ጠበል ይጠመቅ።"

"ጌታዬ፣ ልጁ አላበደም" አልኩ።

"እሱስ አላበድኩም ይላል?"

"አዎ፣ ይላል።"

አቶ ገረመው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት።"

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ልጁ ጤነኛ ነው ብዬ ብከራከር ዋሽተው የማያውቁት አጎቴ ውሸታም ሊሆኑ፣ ጋብቻውም ሊፈርስ ነው። ዝም ብል ዮናስ እብድ ነው። ተቀመጥኩ።

ማታ ለዮናስ ስነግረው "አብደሃል?" አለኝ። እያመሰገነኝ ይሁን እየሰደበኝ ለጊዜው አልገባኝም። ለሰላም ደውሎ አቤት ቢል፣ ሳቋን ስትጨርስ "ከወደድከኝ ተጠመቅ" አለችው።

ተጠመቀ። የእንጅባራን የማለዳ ብርድ የሚያውቅ ይፍረደው። የአንድ ሳምንት ጠበሉን ሲጨርስ አቶ ገረመው ራሳቸው መጥተው ዓይኑን ትክ ብለው አዩት።

"እንዴት ነህ ልጄ?"

"ደ... ደህና ነኝ" አለ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ።

"ተመስገን፣ ድኗል" አሉ። ሁላችንም አሜን አልን። ከሁላችንም ድምፁ የጎላው የዮናስ ነበር።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። እስከዚያው የታመመ ዘመድ ያላቸው ሰዎች የትኛው ጠበል እንዳዳነው ሊጠይቁት ከዳንግላ ድረስ ሱቁ ይመጣሉ። ዮናስም በትሕትና መንገዱን ያሳያቸዋል። ምን ያድርግ? መጀመሪያውኑ አልታመምኩም ቢል አገረሸበት ይሉታል።