የኦዜላ ቫዮሊን ከሣጥኑ ይውጣ አይውጣ

የሃከልቤሪ ሸለቆ የተራራ ሙዚቃ ሙዚየም ኮሚቴ፣ ቨርጂኒያ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14፣ ከቀኑ 8፡10 ጀምሮ
ቦታ፦ ዋናው አዳራሽ፣ ከአራተኛው የመስታወት ሣጥን ፊት ለፊት

የተገኙ፦ ወ/ሮ ሎሬና ብሌቪንስ (ሰብሳቢ)፣ አቶ ዶይል ፊፕስ እና አቶ ካርሰን ሃሽ (አባላት)፣ ኔልዳ ሮርክ (ጸሐፊ)። አምስተኛው አባል አቶ ኤርል ካረፉ ሁለት ዓመት ቢሆናቸውም ምትክ ስላልተገኘ በፈቃድ ላይ እንዳሉ ተቆጥሮ፣ ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ ተረጋግጧል።

አጀንዳ 1፦ የአቶ ቨርሊን ስታምፐር ማመልከቻ

አመልካቹ የሟች ባለቤታቸውን የወ/ሮ ኦዜላን ቫዮሊን ቤት ውስጥ ማየቱ ስላቃታቸው፣ ከቀብሩ በሳምንቱ ለሙዚየሙ የሰጡ፣ ከዚያ ወዲህ ግን ማክሰኞ ማክሰኞ እየመጡ ቫዮሊኗ ያለችበት አራተኛው ሣጥን ፊት የሚቆሙ ጎብኚ ናቸው። ዛሬ የተቆለመሙ ጣቶቻቸውን አሳይተው «የሚመጣው ዓመት እነዚህ አይታዘዙልኝም። አንድ ዜማ ብቻ ልጫወትባት» ሲሉ ጠይቀዋል።

አቶ ዶይል «አንቀጽ ሰባት ዕቃ ከሣጥን አይወጣም ይላል። ዛሬ ለቨርሊን ካወጣን፣ ነገ ደግሞ በሣጥን ሁለት ባለው፣ ለዜማ ማጀቢያ በሚፋቀው የልብስ ማጠቢያ ሰሌዳ ካልሲውን ማጠብ የሚያምረው ይመጣል» በማለት ተቃውመዋል። ወ/ሮ ሎሬና «አንቀጽ ሰባትንም ያመጣኸው እዚህ ያስቀመጥከውን አሮጌ ባንጆህን ሰው እንዳይነካብህ ነው!» ብለው በመመለሳቸው ለአሥራ አንድ ደቂቃ ከአጀንዳው ውጭ ተሂዷል።

አቶ ካርሰን «ቫዮሊኗ መውጣት ካልቻለች ሰውየው ይግባ» የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ከረጅም ውይይት በኋላ አቶ ቨርሊን ሣጥኑ ውስጥ ገብተው እንዲጫወቱ ተወሰነ። «አትንኩ» የሚለው ጽሑፍ ይነሳ እንደሆነ ሲጠየቁ፣ አመልካቹ «ይቆይ። ከኦዜላ ወዲህስ ማን ነክቶኝ» ብለዋል። ጸሐፊዋ ዓይኗን ስትጠርግ ስለነበር ቀጥሎ የተባለው አልተመዘገበም።

አጀንዳ 2፦ ድምፁ በመስታወቱ አልፎ መሰማቱን ስለማጣራት

ለማጣሪያው ባንጆና ጊታር አስፈለገ፤ እንደ አጋጣሚ በሁሉም አባላት መኪና ውስጥ ተገኘ። በእኛ ደንብ ዜማውን የጀመረው ሰው ለማብቂያ ምልክት እግሩን እስኪያነሳ ድረስ ያው ዜማ እየዞረ ይደጋገማል፤ አቋርጦ የሚነሳ የለም። ኮሚቴው ሣጥኑን ሲለካ ይህን አላሰበም። የአቶ ቨርሊን ጉልበት ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ እግር ማንሻ ቦታ አልነበረም።

ዜማው አርባኛ ዙር ሲደርስ የሣጥኑ በር ይከፈት የሚል ሐሳብ ቀረበ። እጅ ሁሉ ስለተያዘ ድምፅ በአገጭ ተሰጠ፤ አቶ ካርሰን በሩን በተረከዛቸው ከፈቱት። እግር ከሣጥን መውጣቱ አንቀጽ ሰባትን ይጥስ እንደሆነ ተጠይቆ፣ እግሩ የሙዚየሙ ንብረት አለመሆኑ ታምኖበታል።

አቶ ቨርሊን ግን እግራቸውን አላነሱም። ሰብሳቢዋ ምክንያቱን ሲጠይቁ «ካነሳሁ መልሳችሁ ልትቆልፉባት ነዋ» አሉ። ዜማው ቀጠለ።

በስልሳ ሦስተኛው ዙር አቶ ዶይል «ኧረ ይዘሃት ሂድ፣ አንተ ሰው! ክንዴ ተገነጠለ!» ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ።

ስለዚህ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ከነአንቀጽ ሰባት እንዲሻር፣ ቫዮሊኗም ወደ ቤቷ እንድትመለስ በሙሉ አገጭ ተወሰነ።

አቶ ቨርሊን ውሳኔውን ከሰሙ በኋላ «እነዚህ ሁለቱ ለእሷ ናቸው» ብለው ሁለት ዙር ጨመሩ። ስብሰባው ከቀኑ 10፡25 እግራቸውን ሲያነሱ ተዘጋ።