ለአቶ ሙከራ የተሠራው አልጋ

በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም። ሁሉም ተመካክሮ፣ ተስማምቶ፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ሰው ጫማውን ሊያጠልቅ ጎንበስ ሲል «ቆይ ግን፣ ይኼን በምን አወቅን?» የሚል ሰው። ይኼኔ ሁሉም ተመልሶ ይቀመጣል፣ ወሬውም ከሀ ይጀመራል። እንዲህ ያለ ሰው ያለበት ቤት ቸኩሎ አይሳሳትም፤ እራቱን ግን በጊዜ አይበላም።

በሀጂ ይማም ቤት ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከመችው ክብርት ወይዘሪት ጀናን ናት። የእህታቸው ልጅ ስትሆን እሳቸው ጋ ነው ያደገችው። ስታትስቲክስ ተምራ ተመርቃለች፤ ሀጂ ይማም ግን ጠባዩን ትምህርቱ እንዳላመጣው ይምላሉ። ገና በሕፃንነቷ «ዶሮ እንቁላል ጣለች» ሲባል «የትኛዋ?» እያለች ቤቱን ታምስ ነበር። ዛሬም የታክሲ ረዳት «መገናኛ፣ የሞላ» ካለ አንገቷን አስገብታ ባዶ ወንበር ትፈልጋለች። አንድ ጊዜ ሽማግሌዎች ለጋብቻ መጥተው «ልጁ ቁጣ የሚባል አያውቅም» ቢሉ፣ ሻይ ይዛ የገባችው ጀናን ትሪውን ሳታስቀምጥ «የሚያስቆጣ ነገር ገጥሞት ያውቃል?» ብላ ጠየቀች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሻዩን ጠጡ፤ ዳግመኛ ግን አልመጡም።

ሀጂ ይማም ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ የልጆች አልጋ ይሸጣሉ። ከሱቁ ጀርባ መሥሪያው አለ፤ እዚያ ደግሞ አናጢው ኤጀታ አለ። ሁለቱ አብረው ሸብተዋል። ባለፈው ዓመት ንግዱ ቀዝቀዝ ሲል ሀጂ ይማም ዘረሰናይ የሚባል የማስታወቂያ ባለሙያ ቀጠሩ። ዘረሰናይ ዌብሳይት አሠራላቸው፣ ኢንተርኔት ላይ ማስታወቂያ ለቀቀላቸው፣ በየወሩም ባለ ብዙ ቀለም ሪፖርት ያመጣላቸው ጀመር። ማስታወቂያው ላይ ነጭ መጋረጃ ያለው ክፍል ውስጥ የሚያምር አልጋ ይታያል። ሪፖርቱ ደግሞ ማስታወቂያውን ስልኩ ላይ ነክቶ የሚከፍተው ሰው በብዛት ሲኤምሲ አካባቢ እንደሆነ ይናገራል።

ሀጂ ይማም ሪፖርቱን ደጋግመው አዩትና ቆረጡ። ሱቁ ሲኤምሲ ሊሄድ ነው። አቶ በላይነህ የሚባሉ የሕንጻ ባለቤት፣ ፊት ለፊቱ መስታወት የሆነ ክፍል አሳዩአቸው። ለመሥሪያ የሚሆን ቦታ ግን የለውም።

«መሥሪያውንስ ምን እናድርገው?» አለ ኤጀታ።

«አልጋ ተሠርቶ ከሚሸጥበት እናመጣለና።»

ኤጀታ መሮውን አስቀመጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲሠራ ማንጎራጎሩን ተወ። ሀጂ ይማም ዝምታውን ሰምተዋል፤ እንዳልሰማ ሆኑ።

የቤተሰቡ ምክር አልቆ ሁሉም «ያሳምረው» ካለ በኋላ ነው እንግዲህ ክብርትነቷ አፏን የከፈተችው።

«አጎቴ፣ ሰዎቹ ማስታወቂያውን ነኩ እንበል። አልጋ መግዛታቸውን በምን አወቅን?»

«ካልፈለገ ለምን ይነካዋል?»

«እኔ ትናንት የመርከብ ማስታወቂያ ነክቻለሁ።»

ሀጂ ይማም ለአቶ በላይነህ ደውለው እስከ ወሩ መጨረሻ እንዲታገሷቸው ለመኑ።

ጀናን ከዘረሰናይ የዌብሳይቱን የይለፍ ቃል እንደ ምንም ተቀብላ ሥራ ጀመረች። የምትሠራው ነገር ስሙ ኮንቨርዥን ትራኪንግ እንደሆነ ለአጎቷ ነገረቻቸው፤ ስሙን ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ። በቀላሉ አስረዳቻቸው። ዌብሳይቱ ውስጥ ትንሽ ኮድ ትገባለች። ኮዷ የትኛውን ማስታወቂያ አይቶ የመጣ ሰው የእውነት አልጋ እንዳዘዘ፣ የትኛው ደግሞ አይቶ ብቻ እንደሄደ ትለያለች።

«በር ላይ የሚቆም ዘበኛ በይኛ» አሉ ሀጂ ይማም።

«ዘበኛው ግን መውጫው ላይ ነው የሚቆመው። ገቢውን ሳይሆን ዕቃ ይዞ የሚወጣውን ነው የሚቆጥረው።»

ኮዷ በገባች ማግስት ቁጥሩ ጣሪያ ነካ። ሀጂ ይማም ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው፤ ለአቶ በላይነህ ሊደውሉ ስልካቸውን አነሱ። ጀናን ግን ቁጥሩን አየችና ባዶውን ሱቅ አየች።

«ይኼ ሁሉ ሰው አልጋ ካዘዘ ስልካችን ለምን አልጮኸም?»

ስትፈትሸው ዘበኛው የቆመው መግቢያው ላይ ሆኖ ተገኘ። ኮዷን ያስገባቻት ትዕዛዝ ሲላክ በሚመጣው የምስጋና ገጽ ላይ ሳይሆን የማዘዣው ገጽ ላይ ነበር። ብቅ ያለ ሁሉ እንደ ገዢ ተቆጥሯል። ይባስ ብሎ ከገዢዎቹ ዋነኛው ሀጂ ይማም ራሳቸው ናቸው። ሱቁ በስልክ ውስጥ ሲታይ ደስ ስለሚላቸው ከሱብሂ ጀምሮ ሲከፍቱ ሲዘጉ ነው የሚውሉት።

«የገዛ ሱቄን ባይ ምናለበት?»

«ይዩ። ግን ደንበኛ አይደሉም» አለችና ኮዷን ወደ ቦታዋ መለሰች። የአጎቷም ስልክ እንዳይቆጠር አደረገች።

ቀጥላ መሥራቱን ለማረጋገጥ የውሸት ትዕዛዝ ላከች። ስም ሲጠየቅ «ሙከራ»፣ የአባት ስም ሲጠየቅም «ሙከራ» ብላ ሞላች። ኮዷ በትክክል ቆጠረች። ጀናን ተደስታ ሄዳ ተኛች፤ ትዕዛዙን መሰረዝ ግን ረሳች። ያን ሳምንት ለጉዳይ ወደ ኮተቤ ስትመላለስ ሰነበተች። ስትመለስ ኤጀታ እጁን በሽርጡ እየጠረገ ወጣ።

«ሀጂ፣ የአቶ ሙከራ አልጋ ደርሷል። ማን ያድርስላቸው?»

«የማን?»

«የአቶ ሙከራ። ትዕዛዙ በሱቁ ስልክ መጥቶ የለ እንዴ። የመጨረሻዬ ሊሆን ይችላል ብዬ ደህና አድርጌ ነው የሠራሁት።»

አልጋው የዋንዛ ነበር። ሀጂ ይማም የሚቆጡት ማንን እንደሆነ ሳይለዩ ተቆጡ። የአልጋውን ራስጌ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ወደ ፊት ወደ ኋላ ይንጡት ጀመር።

«ተመልከቱ እስቲ። ንቅንቅ ይላል? ሦስት ልጅ ቢዘልበት ይላል? ለሌለ ሰው እንዲህ ያለ አልጋ ተሠራ። ያለው ሰውዬ እንዲህ ዓይነት አልጋ ከየት ያገኛል?»

ድካም ሲይዛቸው ቀና አሉ። ጀናን ስልኳን ደግና እየቀረጸች ነበር።

ቪዲዮውን እንዳለ ማስታወቂያ አድርጋ ለቀቀችው። ዘረሰናይ ሲያየው ደወለ፤ ሽማግሌ ሲቆጣ የሚያሳይ ማስታወቂያ ደንበኛ ያባርራል አለ። ጀናን «ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱንም ማስታወቂያ ለየብቻ እየቆጠርን ነው» ብላ አረጋጋችው።

የወሩ መጨረሻ ደረሰ። ባለ ነጭ መጋረጃውን ማስታወቂያ የነካው ሰው ብዙ ነው፤ ከነካው ውስጥ አልጋ ያዘዘ የለም ማለት ይቻላል። የሀጂ ይማምን ቁጣ ያየ ሰው ግን ያዛል። ከኮተቤ፣ ከዚያው ከፈረንሳይ፣ ከሲኤምሲም ጭምር ያዛል። ጀናን በዚህም አላመነችም፤ ላዘዙት ሁሉ አንድ በአንድ እየደወለች የእውነት ሰዎች መሆናቸውን ጠየቀች። አንዷ እናት «መጥቼ ራሴ ልነቅንቀው እችላለሁ?» አለቻት። በዚያው ቅዳሜ ባሏን አስከትላ ከሲኤምሲ መጣች፣ ዳገቱን በእግር ወጣች፣ መሥሪያው ድረስ ገብታ አልጋውን ናጠችው። የአቶ ሙከራን አልጋ ይዛ ሄደች።

ሀጂ ይማም ለአቶ በላይነህ ደወሉ። ክፍሉ ይቅርብኝ አሉ።

«ልጅቷ ናት አይደል ያስቀረችዎት?» አሉ አቶ በላይነህ በቅሬታ።

«እሷ ምንም አላለችም። ጠየቀች እንጂ።»

ከጀርባ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። ኤጀታ እየሠራ ዳግም ለራሱ ማንጎራጎር ጀምሯል።

በማግስቱ ዘረሰናይ መጣ። ሀጂ ይማም ሊጣላ የመጣ መስሏቸው ነበር፤ እሱ ግን የመጣው ሌላ ነገር ፈልጎ ነው። ይህንን ቆጠራ ለደንበኞቹ ሁሉ የምትሠራለት ሰው ይፈልጋል፤ ጀናንን ስጡኝ አለ። ቢሮው ሰፊ ነው፣ ሊፍት አለው።

ሀጂ ይማም ይህን ቀን ስንት ጊዜ ተመኝተውታል። ይህቺን ልጅ የሚወስዳት ሰው ቢመጣ ጫማውን እንደሚያነሱለት በየዘመዱ ቤት ተናግረዋል። አሁን ግን ጫማውን ዞረውም አላዩት።

«እሷን ጠይቃት» አሉና ወደ ጓሮ ገቡ።

ጀናን ላስብበት አለችው። አስባበት ምን እንደምትል ሀጂ ይማም አልጠየቁም። ይልቅ ታች አስፋልቱ ዳር ወዳለው የታፔላ ጸሐፊ ወረዱ። አሮጌው ታፔላ «ይማም የልጆች አልጋ» ነበር የሚለው። አዲሱ መጥቶ ሲሰቀል ኤጀታ መሰላሉን ያዘ፣ ሀጂ ይማም ራሳቸው ወጡ። «ይማምና ጀናን የልጆች አልጋ» ይላል።

ጀናን ከገበያ ስትመለስ ዳገቱ መሐል ቆመች። ቀና ብላ አነበበችው። ሀጂ ይማም መሰላሉ ላይ ሆነው፣ አንድ ደህና ቃል ይወጣት ይሆን እያሉ ጠበቁ።

«በግራ በኩል ዝቅ ብሏል» አለች።

«የት ጋ?»

«እዚያ ጋ። ትንሽ ከፍ ያድርጉት።»

ድምፅዋ ግን የወትሮው አልነበረም። ሀጂ ይማም ዞር ሲሉ በሻሿ ጫፍ ዓይኖቿን ስትጠርግ አዩ። ኤጀታ ከታች ሆኖ ውሃ ልኩን አሳያቸው። አረፋው መሐል ላይ ነው፤ ታፔላው ቀጥ ብሏል።

«አሁንስ?» አሉ፣ ያልተነቃነቀውን ታፔላ ከፍ የሚያደርጉ መስለው።

«ትንሽ ይቀረዋል።»

እሷ አልቅሳ እስክትጨርስ ድረስ ሀጂ ይማም መሰላሉ ላይ ሆነው ታፔላውን ሲያቀኑ ቆዩ።